ደሴ ላይ የተረሳ የባሕር አኳሪየም እንዴት ነፍስ ዘራ

ነገሩን መጀመሪያ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ካፌ የኬክ ፍሪጅ ልጠግን ሄጄ ነበር። ከፍሪጁ ጀርባ ስገባ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ መጣብኝ። የሞተ አይጥ መሰለኝ። ዞር ስል ግድግዳውን ተጠግቶ አንድ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሳጥን ቆሟል። አረንጓዴ ለብሶ ውስጡ አይታይም። ላዩ ላይ ባዶ ካርቶን ተደራርቦበታል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው ባለቤቷን።

«ተወው የኔ ልጅ። የልጄ ዕዳ ነው።»

ልጃቸው ጅቡቲ ትራንዚት ላይ ሲሠራ ነው ያመጣው። እሱ እያለ የካፌዋ ጌጥ ነበር አሉ። ከዚያ ውጭ አገር ሄደ፤ ሳጥኑም ለአስተናጋጇ ተረፈ። እሷ ደግሞ ምን ታድርግ? ምግብ ትበትናለች፣ ውሃው ሲጎድል ትሞላለች።

አረንጓዴውን በጣቴ ጠረግ አድርጌ በስልኬ መብራት አየሁ። ሁለት ዓሣ። ብርቱካንማ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ፣ ክላውንፊሽ የሚባሉት። ከበስተኋላ ደግሞ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ፣ የተሸበሸበ አሮጌ ጓንት የሚመስል ነገር አለ። ለስላሳ ኮራል የሚባል የባሕር እንስሳ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ውስጥ በሕይወት ያለ ፍጡር መኖሩ።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የዓሣ ሊቅ አይደለሁም። ግን ፓምፕ፣ ቴርሞስታትና የሚያፈስ ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው። «እትዬ፣ ልሞክረው?» አልኳቸው። «ገንዘብ እንዳታስወጣኝ እንጂ ሞክር» አሉ። በዚህ ተስማማን። ለዕቃው እሳቸው በትንሽ በትንሹ ይከፍላሉ፣ የእኔ ደመወዝ ማኪያቶ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልነካሁም። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ማንበብ ብቻ። ይህን ስታነቡ እጃችሁ የሚያሳክካችሁ ካላችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የቆሸሸ ሳጥን ሲታይ ደፍቶ አጥቦ እንደ አዲስ መጀመር ያምራል። ግን ዓሦቹ ያንን ቆሻሻ ውሃ ለምደውት ነው የኖሩት። በአንድ ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብትጨምሯቸው ለውጡ ራሱ ሊገድላቸው ይችላል።

ማወቅ የፈለግሁት መጀመሪያ ጨውነቱን ነው። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ደሴ ላይ አላገኘሁም። የባትሪ አሲድ የሚለካባት የመስታወት ቱቦ አለችኝ፤ ግን እሷ የምትለካው ከዚህ በጣም የከበደ ፈሳሽ ስለሆነ የባሕር ውሃ ላይ አትረባም። ስለዚህ ወርቅ ቤት ሄድኩ።

«ምን ልመዝንልህ?» አለኝ ባለ ወርቁ።

«ውሃ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የምሬን መሆኑን ሲያይ ሚዛኑን ወደ እኔ አዞረው።

ዘዴው ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ባዶዋን ትመዝናላችሁ። ከዚያ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ፣ ጨው የሌለው) እስከ አፏ ሞልታችሁ ትመዝናላችሁ። ደፍታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በሳጥኑ ውሃ እስከ አፏ ትሞሏታላችሁ። ሁለቱ ውሃዎች ሙቀታቸው እኩል ይሁን፤ የጠርሙሷን ክብደት መቀነስም አትርሱ። የእኔ ጠርሙስ ዲስቲልዱን 200 ግራም ያዘች። የሳጥኑን ግን 207.2። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት 1.036 ይመጣል። ጤነኛ የባሕር ውሃ 1.026 ገደማ ነው፣ በኪሎ ወደ 35 ግራም ጨው ማለት። የእኛዎቹ ዓሦች 47 ግራም ገደማ ውስጥ ነበር የሚዋኙት። ከባሕር በሲሶ የበለጠ።

ተመልሼ አስተናጋጇን ጠየቅኋት። «ውሃው ሲጎድል በምንድን ነው የምትሞዪው?»

«በውሃና በጨው ነዋ። ጨው ይወዳል ተብዬ። አንድ እፍኝ።»

በልጅቷ አይፈረድም። ሲታሰብ ትክክል ይመስላል። ግን ከሳጥኑ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሲጎድል የሚጨመረው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አሰመርኩላትና «እስከዚህ፣ በዲስቲልድ ብቻ» አልኳት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ጨውነቱን ለማውረድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ሲቀነስ ሳጥኑ ውስጥ 150 ሊትር ያህል ውሃ አለ። በየቀኑ 3 ሊትር እየቀዳሁ አወጣለሁ፣ 3 ሊትር ዲስቲልድ አስገባለሁ። በ15ኛው ቀን ጠርሙሷን ይዤ ወርቅ ቤት ስገባ ባለ ወርቁ ሳልናገር ሚዛኑን ባዶ አደረገልኝ። 205.3፣ ሲካፈል 1.026 ገደማ። እሱም ከእኔ እኩል ደስ አለው።

ስለ ዲስቲልድ ውሃ አንድ ማስጠንቀቂያ። የባትሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውሃውንና አሲዱን ጎን ለጎን ይደረድራሉ፤ ጀሪካኖቹም ይመሳሰላሉ። የታሸገውን ግዙ፣ ጽሑፉንም አንብቡ። ክረምት ላይ ዝናብ በነጻ ይገኛል፣ ደሴ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ አታሳፍርም። ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን አትጠቀሙ። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ለኮራል መርዝ ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ንጹሕ ላስቲክ ወጥሬ፣ መጀመሪያ የጣለውን ደፍቼ የኋላውን ነው ያጠራቀምኩት። የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ «የኤሲ ጠብታ እኮ ዲስቲልድ ነው» ይሉኛል። ልክ ነው፣ ግን በመዳብ ቱቦ ላይ ተንጠባጥቦ ነው የሚመጣው። ጥቂት መዳብ ቀንድ አውጣና ኮራል ይጨርሳል።

ውሃው አሁን ልኩን ይዟል፣ ግን የባሕር ውሃ አይደለም። ልጅቷ እፍኝ እፍኝ የጨመረችው የወጥ ጨው ነው። ክብደቱ ቢስተካከልም ውስጡ ያለው በአብዛኛው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር ወደ 400 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ ወደ 1,300 ሚሊ ግራም ማግኒዥየም አለው። ኮራል የሚፈልገው ይህን ነው። ሰው ሁሉ «ምን አስጨነቀህ፣ አፋር አጠገባችን አይደለም እንዴ?» ይለኛል። አሞሌውም፣ የአፍዴራውም ጨው ለወጥ ይሆናል፤ ለኮራል ግን አይሆንም። ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመ ጨው አለ፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ማኪያቶዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

መፍትሔው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። የአክስቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወርዶ በየሁለት ሳምንቱ ይመለሳል። «ከወደቡ ራቅ ብለህ፣ ንጹሕ ዳርቻ ላይ፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ቅዳልኝ» አልኩት። «አቦ፣ ሰው ከጅቡቲ ቴሌቪዥን ያስመጣል፣ አንተ ውሃ?» አለኝ። አመጣልኝ። ኮምቦልቻ ወርጄ ተቀብዬ በሚኒባስ ሐረጎን ሳወጣው ረዳቱ ጠበል መስሎት በሁለት እጁ አቅፎ ነው የጫነልኝ። ኋላ እውነቱን ስነግረው የጭነት አስከፈለኝ።

ያ የመጀመሪያው ዙር ግን ተደፋ። ጀሪካኖቹ ዘይት የነበረባቸው ናቸው። በሳሙና ታጥበው ነበር፤ ግን በርሜል ውስጥ ገልብጬ ሳድር ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የሚያወጣ ስስ ቅባት ተንሳፈፈ። ለሳጥኑ ብሰጠው ኖሮ እዚህ ላይ ታሪኩ ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ ጀሪካን ገዝቼ ሰጠሁት። የሚመጣውን ውሃ ክዳን ባለው በርሜል፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሁለት ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ዝቃጩ ሲወርድ ላይ ላዩን እቀዳለሁ። በየሳምንቱ ከሳጥኑ 15 ሊትር አውጥቼ፣ ሙቀቱን አስተካክዬ፣ 15 ሊትር የባሕር ውሃ አስገባለሁ። ይኸው ነው።

ሹፌሩ አንድ ጊዜ «ኮራሉንስ ሰብሬ ላምጣልህ?» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ድንጋያማ ኮራል ድንበር ለማሻገር ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ደግሞ የሞተ ነገር ላድን ተነስቼ በሕይወት ያለውን ማስነቀል ምን ይባላል?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አሸዋው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። ከመስታወቱ ጎን ስታዩት ታችኛው ክፍል ጥቁር ነው። ያ የእንቁላል ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ አየር በማይደርስበት አሸዋ ውስጥ የሚፈጠር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ነው። ይህን አንብቤአለሁ፣ አውቃለሁ። ግን አንድ እሑድ ካፌዋ ዝግ ሆና እጄ ሥራ ፈታ። የውሃ ጎማ ይዤ ከዳር እስከ ዳር ቆፈርኩት። ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። «ቆይቶ ይጠራል» ብዬ ዘግቼ ሄድኩ።

በነጋታው ጠዋት ትልቋ ዓሣ ከላይ ከውሃው ጫፍ ላይ አፏን እየከፈተች ትተነፍሳለች። ጉንጯ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። በርሜሉ ውስጥ የነበረኝ ዝግጁ ውሃ 20 ሊትር ብቻ ነው። ሁለቱንም ዓሦች ወደ ባልዲ አዛውሬ የአየር ፓምፕ ገጠምኩላቸው። ትልቋ እስከ ምሳ አልቆየችም። ትንሿ አራት ቀን በባልዲ ኖራ ተረፈች። አስተናጋጇ አለቀሰች። እትዬ ምንም አላሉኝም፤ እሱ ባሰብኝ።

ማድረግ የነበረብኝ ይህ ነው። አሸዋውን በአምስት ከፍሎ በየሳምንቱ አንዱን ክፍል ብቻ፣ ሳያማስሉ፣ ከሚወጣው 15 ሊትር ጋር በጎማ መምጠጥ። ከዚያ በፊት ግን ቢያንስ የሳጥኑን ግማሽ የሚሆን ዝግጁ ውሃ በርሜል ውስጥ መኖር አለበት። ውሃ ሳትይዙ አሸዋ አትንኩ።

ዕቃዎቹን ባጭሩ ልለፍ፣ ይሄ ለኔ ቀላሉ ነበር። ፓምፑም ስኪመሩም «ተቃጥለዋል» ተብለው ነበር። ስኪመር ማለት ውሃውን ከአየር ጋር አረፋ እያደረገ ቆሻሻውን የሚያወጣ ዕቃ ነው። አንዱም አልተቃጠለም። ነጭ ድንጋይ መሰል ነገር መዘውራቸውን ቆልፎት ነው። እኩል ውሃና አቼቶ ውስጥ አሳድሬ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኋቸው፣ ተነሱ። የሂተሩ ቴርሞስታት ግን ስለተጣበቀ ከፍሪጅ ሥራ የተረፈኝን ዲጂታል ቴርሞስታት አስገባሁና 25.5 ላይ አሰርኩት። ኤሌክትሪክና ጨው ውሃ ጎረቤት ሲሆኑ ደግሞ ሽቦው ሁሉ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። በሽቦው የወረደ ጠብታ እዚያ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

መብራቱን በሁለት የኤልኢዲ ፓውዛ ተካሁት፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። ለስላሳው ኮራል በሥጋው ውስጥ በሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ነው ምግብ የሚያገኘው፤ እነሱ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋሉ። ግን በጨለማ የከረመ ነገር ላይ ድንገት ፓውዛ ማብራት ማቃጠል ነው። በቀን ለ3 ሰዓት ብቻ በማብራት ጀምሬ፣ በየጥቂት ቀኑ ግማሽ ሰዓት እየጨመርኩ በቀን 8 ሰዓት ሲሞላ መጨመሩን አቆምኩ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይሄ ለእኛ የጦሳ ብርድ ነው፤ ለዓሣ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሞቀና ጨው ያለው ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ኦክሲጅን አይበዛለትም። ስለዚህ ከጅቡቲ የመጣውን ሳጥን እንደ ጅቡቲ መያዝ አይቻልም። ፓምፑን ወደ ላይ አዙሬ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ እንዲናወጥ አደረግሁት። ዓሣም አልጨመርኩም። ሰው «አንዷን ብቻዋን ምን አደረጋችኋት» ይላል፤ አሁን ግን ሳጥኑ የሚችለው እሷን ነው።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክሲጅን ነው። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። አሮጌ የመኪና ባትሪና ትንሽ ኢንቨርተር አገናኝቼ የአየር ፓምፑን ብቻ እንዲያስነሳ አደረግሁ። ሂተሩን በሱ አትሞክሩት፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ለሙቀቱ ጋቢ አለ። ሳጥኑን በሦስት ጎን በጋቢ መጠቅለል። ባትሪም ኢንቨርተርም ከሌለ በጣሳ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል፤ እጅ ያዝላል እንጂ።

አረንጓዴውን ጸጉር መሰል አልጌ በእጄ ነቀልኩት፣ በየሳምንቱ፣ ወራት። የናይትሬት (ከምግብ ትራፊና ከዓሣ ኩስ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀም ነገር) መለኪያ አንድ ደንበኛዬ ከአዲስ አበባ አምጥቶልኝ ነበር። መጀመሪያ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በላይ አሳየኝ። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውሃ ስትቀይሩ፣ በላዩ ሌላ ካልተጨመረ፣ ከአሥር ሳምንት በኋላ ወደ ሲሶው ነው የሚወርደው። በተግባር ከዚያም ይዘገያል፣ ምክንያቱም ዓሣዋ ትበላለች። ስለዚህ አስተናጋጇ የምትበትነውን ምግብ በግማሽ አስቀነስኩ። «ትራብብኛለች» አለች። አልተራበችም።

ድንጋዩ ላይ አይፕታዢያ የሚባል፣ ቡናማ ትንሽ ዘንባባ የመሰለ፣ እንደ አረም የሚራባ ተናዳፊ የባሕር እንስሳ በቅሎ ነበር። ከቆረጣችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ይሆናል። እኔ ከፋርማሲ ስሪንጅ ገዝቼ የሎሚ ጭማቂ አፉ ውስጥ ወጋሁት። በአንድ ቀን ሦስት አራት ብቻ፣ ሎሚው ውሃውን እንዳያኮመጥጠው። ፓምፑ ለአሥር ደቂቃ ይጥፋ። የሎሚ ጠብታ ሲነካው እንደ ተቆጣ ልጅ ተኮማትሮ ይገባል፣ በነጋታው የለም።

እትዬ ይህን ሁሉ ልፋት አይተው «ለምን ድንጋዩን በትልቁ ድስት አናፈላውም? ሁሉም ይሞትና እንገላገላለን» አሉኝ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እትዬ፣ በጭራሽ!» አልኩ። አንዳንድ ዞአንቲድ የሚባሉ የልብስ ቁልፍ የመሰሉ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲፈላ መርዙ በእንፋሎት ወጥቶ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ድንጋይ አይፈላም፣ በፈላ ውሃም አይታጠብም። ስትነኩት ጓንት አድርጉ፤ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ ተዉት።

አራተኛው ወር ላይ ያ አሮጌ ጓንት የመሰለው ኮራል ባሰበት። ጭራሽ ተጨማተረ። ላዩ በሰም የተቀባ መሰለ፣ ከዚያ ያ ሰም እንደ እባብ ቆዳ መላጥ ጀመረ። ለሦስት ቀን እያየሁት «አለቀለት፣ ሳይበሰብስ ላውጣው» ስል ነበር። እጄን ውሃ ውስጥ ከትቼም ነበር። እትዬ ናቸው «አብሽር፣ አንድ ጁምዓ ጨምርለት» ያሉኝ። ኋላ ሳነብ የዚህ ዓይነት ኮራል ቆዳውን እየጣለ ራሱን የሚያጸዳው እንዲህ ነው። ፓምፑን ትንሽ ወደ እሱ አዞርኩት፣ የተላጠው እንዲወሰድለት። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ክንፉን ዘርግቷል። ላዩ ሁሉ በደቃቅ አበባ ተሸፍኗል፣ እያንዳንዷ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል፣ አንድ ላይ ትወዛወዛለች። ቁጭ ብዬ አየሁት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

ስድስት ወር ውስጥ ያወጣነው ሁሉ ተደምሮ ከ14 ሺህ ብር ትንሽ ዘለለ። ትልቁ ወጪ ዲስቲልድ ውሃው፣ ቀጥሎ ፓውዛዎቹ ናቸው። የሹፌሩን የጫት መግዣ አልቆጠርኩም። አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ዝቅ ሲል ቤኪንግ ሶዳ እጨምራለሁ፤ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በዲስቲልድ አሟሙቼ። ሶዳ ነው ያልኩት፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች አለበት፤ ኬክ ቤት ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ነው የምደጋግመው።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ሱቄን ዘግቼ እየሮጥኩ ካፌዋ ደረስኩ። ሳጥኑ በጋቢ ተጠቅልሏል፣ ባትሪው ተገናኝቷል፣ የአየር ፓምፑ ያጉረመርማል። አስተናጋጇ ሻማ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ዘገየህ» አለችኝ።